የጀሞ ኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት፦ በ35 ሺህ ብር ቶፑንና የግድግዳውን ሴራሚክ ማደስ ይቻላል?

የጀሞዋ እናት | ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። ከ12 ዓመት በፊት አንድ ግንበኛ በብሎኬት እግር ላይ ኮንክሪት ሞልቶ፣ ነጭ ባለ 15 በ15 ሴራሚክ አልብሶ የማዕድ ቤቱን ቶፕ ሠራልን፤ ከቶፑ በላይ ያለውንም ግድግዳ በዚያው ሴራሚክ በአራት ረድፍ ሸፈነው። በጊዜው እንግዳ ሲመጣ ማዕድ ቤቱን ሳናሳይ አንሸኝም ነበር። ዛሬ ግን ፉጋው (በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ) ጠቁሯል፤ ከምድጃው ጀርባ ያለው ደግሞ የእርድና የቁሌት ዘይት ጠጥቶ በምንም አልለቅ ብሏል። ሙቀጫ የምናስቀምጥበት ቦታ ላይ ስድስት ሴራሚኮች ተሰንጥቀዋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚገባው ቆሻሻ ከሁሉ በላይ ያስጠላኛል።

ቶፑ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የግድግዳው ሴራሚክ የጎኑን ጨምሮ 3 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ለዚህ ሥራ ያስቀመጥነው 35 ሺህ ብር ሲሆን፣ አንድ ግራናይት ቤት ለቶፑ ብቻ የነገረኝ ዋጋ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። የኅዳር ጾም ከመግባቱ በፊት ጨርሼ መገላገል እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ምኑን ትቼ ምኑን ላድስ?

ቀለም በብሩሽ | ጥቅምት 4

እኔ የተከራየሁትን ቤት ግድግዳ ለሴራሚክ በተዘጋጀ ባለ ሁለት ቅልቅል የኢፖክሲ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ምስጢሩ ያለው ከቀለሙ ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ነው። ቅባቱን በሙቅ ውሃና በኦሞ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ብርሃኑ እስኪደበዝዝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ አንድ ቀን ሙሉ አድርቄ ነበር የቀባሁት። በጀትዎ ከዚህም ቢያንስ እንኳ ይበቃዎት ነበር።

ቶፑን ግን አይቀቡት። እኔ በስስት ቀብቼው በሦስት ወር ውስጥ በቢላና በድስት ቂጥ ተልጦ አለቀ። በሲንኩ ዙሪያ ያለውማ አንድ ወርም አልቆየልኝ።

ጡረተኛው ግንበኛ | ጥቅምት 5

እኅቴ፣ ስለ ቀለምና ስለ ድንጋይ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ሳንቲም ይያዙና እያንዳንዱን ሴራሚክ መሐሉንና አራት ማዕዘኑን ያንኳኩ። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ከኮንክሪቱ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል ማለት ነው። ባዶ የሆኑትን በእርሳስ ምልክት አድርገው ይቁጠሩልኝ። ቀጥሎ ከሲንኩ ሥር ገብተው የኮንክሪቱን ሆድ በእጅዎ ይዳስሱ። እርጥበት ወይም ነጭ የጨው ዱቄት ካለ ውሃ በፉጋው በኩል እየሰረገ ነው፤ ያንን ሳይዘጉ ከላይ ወርቅ ቢያነጥፉበትም ገንዘብዎ ባክኗል። በ31 ዓመት ሥራዬ ተጠርቼ ካፈረስኳቸው ቶፖች አብዛኞቹን ያበላሻቸው በሲንኩ ዙሪያ ያለ የአንድ ጣት ክፍተት ነበር።

አንድም ሴራሚክ ከመፍረሱ በፊት ይህን ይንገሩኝ።

ታጋሽ ሰው | ጥቅምት 5

ሁላችሁም የምትነግሯት ጥገና ነው። እኔ የምመክረው ገንዘቡን አስቀምጠው በሚቀጥለው ዓመት ጨምረውበት አንዴ ግራናይት እንዲያሠሩ ነው። በርካሽ የተሠራ ሁለት ጊዜ ያስወጣል።

ሊሾ ወዳጅ | ጥቅምት 5

ታጋሽ ሰው፣ ምክርዎ በሌላ ዘመን ቢሆን ያስኬድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማጠናቀቂያ ዕቃ ዓመት ጠብቆ ርካሽ ሲሆን አላየሁም። የተሰነጠቀ ሴራሚክ ላይ ሽንኩርት እየከተፉ አንድ ዓመት መጠበቅም ለሦስት ልጆች እናት ቀላል ነገር አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ሊሾ፣ ማለትም ተለስልሶ የተወለወለ ሲሚንቶ ነው። ያደግሁት ደሴ ሲሆን፣ የእናቴ ጓዳ በቀይ ሊሾ የተሠራ መደብ ነበረው፤ እኔ ከተወለድሁ በፊት ተሠርቶ እኔ እስካገባ ድረስ አገልግሏል። ሲሚንቶ፣ የታጠበ ጥሩ አሸዋ፣ ከተፈለገም የብረት ኦክሳይድ ቀለም ነው የሚያስፈልገው። ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሶ ውሃ እያጠጡ ማቆየት፣ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘትም እስከ 28 ቀን በጥንቃቄ መያዝ፣ ከዚያም በሰም ማሸት ነው። በሀገር ውስጥ ዕቃ ከሚሠራው ሁሉ ይህን ያህል የሚያምር አላውቅም።

ጡረተኛው ግንበኛ | ጥቅምት 6

ሊሾ ወዳጅ፣ የደሴን ሊሾ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ነገር ግን የእናትዎ መደብ ከሥሩ ጀምሮ ድፍን ነበር። እዚህ ያለው በመስታወት በተቀባ ሴራሚክ ላይ የሚፈስ የሁለት ሳንቲ ሜትር ሽፋን ይሆናል። እንዲህ ያለው ስስ ሽፋን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከሥሩ የሚይዘው ሸካራ ነገር ስለሌለም ይሰነጠቃል። ሴራሚኩ ተላጥቶ ኮንክሪቱ ከተገለጠ ሊሾ ይቻላል። እኅታችን ግን ከኅዳር ጾም በፊት ብለዋል፤ 28 ቀን ጠብቀው ደግሞ የት ሊያበስሉ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ | ጥቅምት 6

ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ የእኛ ሰው የሚከራያቸው አሮጌ አፓርትመንቶች ቶፕ በአብዛኛው ቺፕውድ ላይ የተለጠፈ ፎርማይካ ነው። እኔ ያኛውን እብነ በረድ በሚመስል ተለጣፊ ፕላስቲክ ሸፍኜ ነበር፤ ለፎቶ ያምራል፣ ነገር ግን የፈላ ጀበና ሳላስበው አስቀምጬበት ክብ ሆኖ ተኮማተረ። ቡና ለሚፈላበት ቤት ተለጣፊ ፕላስቲክ አይሆንም ብዬ የደመደምኩት ያን ቀን ነው።

በኋላ የራሳችንን ቤት ስንገዛ የረዳን ትርፍራፊ ድንጋይ ነበር። ግራናይት ቆራጮች ከትልልቅ ሥራ የሚተርፋቸውን ቁራጭ በግቢያቸው ይከምሩታል፤ ልኬትዎ አጭር ከሆነ በጣም ቀንሰው ይሸጡታል። ሃቢታት ፎር ሂውማኒቲ በሚያስተዳድራቸው ሪስቶር በሚባሉ መደብሮችም ሰዎች የለገሱት ሲንክ፣ ካቢኔትና ሴራሚክ ይገኛል። አዲስ አበባ ያሉትም ድንጋይ ቆራጮች ቁራጭ ሳይተርፋቸው አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

እዚህ አገር ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የግድግዳውን ቀለም ሳታስመረምሩ አትፈቅፍቁ። በዚያ ዓመት ነው እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው፤ አቧራው ለሕፃናት አደገኛ ነው።

የጀሞዋ እናት | ጥቅምት 7

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ግንበኛው እንዳዘዙኝ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በሳንቲም ሳንኳኳ አመሸሁ፤ ባለቤቴ ጤንነቴን ጠይቆኛል። ውጤቱ ይህ ነው፦ ከቶፑ ላይ ከተሰነጠቁት ስድስት በተጨማሪ ሰባት ባዶ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሁሉም በሙቀጫው ቦታና በሲንኩ ግራ በኩል ናቸው። ከግድግዳው ላይ አራት ብቻ ባዶ ናቸው። ከሲንኩ ሥር በእርግጥ ነጭ ዱቄት አለ። እኔ ለዓመታት የፈሰሰ ኦሞ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ድንጋይ ቆራጮች ዘንድ ሄጄ ቁራጭ ጠይቄ ነበር። ሲንክ የሚገባበትን ያህል የሚሰፋ አላገኘሁም፤ 70 በ60 የሆነ አንድ ግራጫ ድንጋይ ግን አሳዩኝ። ሻጩ እንደ ሰዓቱ አንዴ ማርብል፣ አንዴ ግራናይት ይለዋል። እንዴት ነው የሚለየው?

የኬሚስትሪ መምህርት | ጥቅምት 7

ለዚህ ጥያቄ ግማሽ ሎሚ ይበቃል። እብነ በረድ (ማርብል) ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ከአሲድ ጋር ይዋሃዳል፤ በማይታይ ጠርዙ ላይ ሎሚ አንጠብጥበው አሥር ደቂቃ ሲቆዩ ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ወይም ከተጠረገ በኋላ የደበዘዘ ጠባሳ ካስቀረ እብነ በረድ ነው። ግራናይት በሎሚ ምንም አይሆንም። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ ነጭ እብነ በረድ ለሳሎን ወለልና ለደረጃ እጅግ ያማረ ድንጋይ ነው፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም በየቀኑ በሚፈስበት ቶፕ ላይ ግን ውበቱ ቶሎ ይጠፋል። ሊሾም በዚህ በኩል ዕጣው ተመሳሳይ ነው፤ ሲሚንቶም አሲድ ይበላዋል።

ስለ እርዱ እድፍ አንድ ነገር ልበል። የእርድ ቢጫ ቀለም ፀሐይ ሲያገኘው እየፈዘዘ ይሄዳል፤ ስለዚህ በመስኮት በኩል ያለው ፉጋ ከምድጃው ጀርባ ካለው የነጣ መሆኑን ታስተውሉ ይሆናል። በተበጠበጠ በረኪና ጥቂት ደቂቃ ማቆየትም ይረዳል። ነገር ግን በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ወይም አሲድ በፈሰሰበት ቦታ ላይ ፈጽሞ እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ በጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ደግሞ ማምለጫ የለውም። አሲዱ ለብቻውም ቢሆን ሴራሚኩን ያጸዳ እየመሰለ ፉጋውን ይበላዋል፤ የእኅታችን ፉጋ ይህን ያህል ያሳሳው እርሱ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የጀሞዋ እናት | ጥቅምት 8

መምህርት፣ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። ሠራተኛችን በየወሩ በአሲድ ታጥበው ነበር፤ ያዘዝኳትም እኔ ነኝ። ድንጋዩ ላይ ሎሚውን ሞክሬ አረፋ ስላወጣ ለሻጩ ትቼለት መጣሁ።

ጡረተኛው ግንበኛ | ጥቅምት 8

እንግዲህ አሁን መናገር ይቻላል። ልኬትዎን ሳየው ዕድለኛ ነዎት። ቶፑ 2.40 በ0.60 ነው፤ ባለ 60 በ60 የወለል ፖርሰሊን (ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት) አራቱ ልክ ይሸፍኑታል፣ አንድ ካርቶንም አብዛኛውን ጊዜ አራት ይይዛል። ዛሬ ስንት ፉጋ እንዳለዎት ቢቆጥሩት ይገረማሉ፤ አራት ፖርሰሊን ሲነጠፍ የሚቀረው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ለጽዳት ያስቸገረዎት ነገር ሁሉ በፉጋው ውስጥ ነበርና ዋናው ጥቅም ይኸው ነው። ፖርሰሊን በ1,200 ዲግሪ ገደማ የተተኮሰ ስለሆነ ከእሳት የወረደ ድስትና ጀበና አይፈራም፤ ሎሚም አይነካውም። ደብዛዛውን ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው ጭረት ያሳያል። ፖርሰሊንም ቢሆን ሙቀጫ ሲወቀጥበት ይሰነጠቃልና ሙቀጫው ከዛሬ ጀምሮ ወለል ላይ ይውረድ።

ለግድግዳው ባለ 30 በ60 የግድግዳ ሴራሚክ በቁሙ ቢለጠፍ ለ3 ሜትሩ ልክ አሥር ነው፤ ለቁርጥ ብለው 12 ይግዙ። ለቶፑም ስድስት ፖርሰሊን ይያዙ። ሲበዛ ይመለሳል፤ ሲያንስ ግን ያው ዓይነት ቀለም ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል።

አሠራሩን በጥንቃቄ ያንብቡት። ባዶ ድምፅ የሰጡትንና የተሰነጠቁትን 13 የቶፕ ሴራሚኮች በመሮና በቀላል መዶሻ ያስነሱ፤ ጉድጓዱም በሲሚንቶ ተሞልቶ ከቀሪው ጋር ይስተካከል። ግድግዳው ላይ ያሉትም አራቱ እንዲሁ። የቀሩት አይፈርሱም፤ የማፍረሻ፣ የቆሻሻ መጫኛና የልስን ወጪ የሚቀረው በዚህ ነው። ቅባቱ ታጥቦ ሲያበቃ የሴራሚኩ መስታወት በግራይንደር ይፈተግ። ማጣበቂያው ላይ ግን አይቆጥቡ። የእኔ ዘመን ግንበኛ ሴራሚኩን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ በውሃ በተበጠበጠ ሲሚንቶ ይለጥፍ ነበር፤ ያ የሚሠራው የግድግዳ ሴራሚክ ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ፖርሰሊን ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ ውሃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ቢዘፈዘፍም ባይዘፈዘፍም ባዶ ሲሚንቶ አይይዘውም። ለፖርሰሊንና በሴራሚክ ላይ ለሚለጠፍ ሴራሚክ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ፖሊመር ያለበት ማጣበቂያ ይግዙ። ሠራተኛው «እኔ ሃያ ዓመት በሲሚንቶ ለጥፌያለሁ» ካለዎት አክብረው ያሰናብቱት።

መጀመሪያ ቶፑ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ይለጠፍ፤ የግድግዳው ሴራሚክ ቶፑ ላይ ሲቆም ከላይ የሚወርደው ውሃ ወደ መገናኛው ሳይሆን ወደ ፊት ይፈሳል። ግድግዳና ቶፕ የሚገናኙበት መስመር በፉጋ አይሞላም፤ ሁለቱ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ፉጋው በዓመቱ ይሰነጠቃል፣ እዚያ የሚገባው ሲሊኮን ነው። ሲንኩ ተነሥቶ ከከንፈሩ ሥር ሲሊኮን ተደርጎለት ይመለስ። ለሲንኩ ቀዳዳ ሲቆረጥ አራቱ ማዕዘን አስቀድሞ በክብ መብሻ ይበሳ፤ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ከተቆረጠ ፖርሰሊኑ ከዚያ ተነሥቶ ይሰነጠቃል። ቶፑ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ፣ ግድግዳውም ያንኑ ያህል ወፈር ስለሚል የሶኬቱ ብሎን ረዘም ያለ፣ ቧንቧውም ግድግዳ ላይ ከሆነ መቀጠያ ያስፈልገዋል። ሶኬቱ ሲነካ ብሬከሩ ይጥፋ።

የኬሚስትሪ መምህርት | ጥቅምት 9

በጋሼ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፖርሰሊንና ግራናይት በግራይንደር ሲቆረጡ የሚወጣው ጥሩ አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አውስትራሊያ ኳርትዝ የሚባለውን ሰው ሠራሽ የቶፕ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የከለከለችው በቆራጮቹ ላይ በደረሰው የሳንባ በሽታ ምክንያት ነው። መቁረጡ ከቤት ውጭ፣ ውሃ እየተጠባጠበበት፣ ሠራተኛውም አፍንጫውን በደንብ ሸፍኖ ይሁን። የእርስዎ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ እርሱም ልጆች ይኖሩታል።

ታጋሽ ሰው | ጥቅምት 9

ፖርሰሊኑን አልቃወምም፤ የፊት ጠርዙ ግን ምን ይሆናል? የሸክላው ሆድ ከታየ ወለል ቶፕ ላይ የወጣ ነው የሚመስለው።

ጡረተኛው ግንበኛ | ጥቅምት 9

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጠርዙን በ45 ዲግሪ ቆርጦ ከፊት ከሚወርደው ቁራጭ ጋር ማጋጠም ሲሆን ያምራል፣ ነገር ግን ጥሩ እጅ ይጠይቃል፣ ድስት ሲነካውም ይፈለፈላል። ሁለተኛው የአሉሚኒየም ጠርዝ ከሥሩ አስገብቶ መለጠፍ ነው። ለዚህ በጀት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የጀሞዋ እናት | ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሥራው አልቋልና ሒሳቤን ላቅርብ። ስድስት ደብዛዛ ግራጫ ፖርሰሊን፣ 12 ነጭ የግድግዳ ሴራሚክ፣ ማጣበቂያ፣ ለቶፑ የኢፖክሲ ፉጋ፣ ለግድግዳው ተራ ፉጋ፣ የአሉሚኒየም ጠርዝና ሁለት ሲሊኮን ከመርካቶ ገዛን። የኢፖክሲ ፉጋው ዋጋ አስደንግጦኝ ነበር፤ ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ ግን ትንሹ ዕቃ በቃ። ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ የሚሆነው የእጅ ዋጋ ነው። ከ35 ሺህ ብሩ 2,100 ብር ተርፎኝ ከላይ ባለው ካቢኔት ሥር የምትበራ ረጅም መብራት ገዛሁበት፤ እውነቱን ለመናገር ማዕድ ቤቱን ከሁሉ በላይ አዲስ ያስመሰለችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም።

ያልተሳካም አለ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ስለ ሲሚንቶው ልክ ጋሼ እንዳሉት ተናገረኝ፤ አክብሬ አሰናበትኩት። ሁለተኛው ወጣትና ጠንቃቃ ነበር፤ ሆኖም ስለ ሲንኩ ማዕዘን ሳልነግረው ገበያ ወጥቼ ስመለስ ፖርሰሊኑ ከማዕዘኑ ጀምሮ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ትርፍ ግዙ የተባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛውን አስቀድሞ በስቶ ቆረጠውና ደኅና ወጣ። ባዶዎቹንም ሲያነሣ ከቆጠርኳቸው ሌላ ሦስት ተከትለው ተነሡ፤ ከሥራቸው ያለው ሲሚንቶ እንደ አሸዋ ረግፎ ነበር። በዚያ ምክንያት ሥራው አንድ ቀን ተጨመረበት።

ወጥ ስንሠራ የነበረው ለአምስት ቀን በረንዳ ላይ በከሰል ነው። እንጀራ ጎረቤቴ ጋገረችልኝ።

ቀለም በብሩሽ | ኅዳር 11

እንኳን ደስ አለዎት። የተረፈውን ፖርሰሊን አይጣሉት፤ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ቢለጥፉበት ለጀበና ማስቀመጫ ይሆናል።

ጡረተኛው ግንበኛ | ኅዳር 12

በርቱ። ሲሊኮኑ ከተደረገ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ ሳይነካው ቆየ? ከሲንኩ ሥር ያለውስ ነጭ ዱቄት?

የጀሞዋ እናት | ኅዳር 12

ጋሼ፣ ቆየ፤ በሲንኩ ላይ ወረቀት ለጥፌ ልጆቹን አስፈራርቻቸው ነበር። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ በየጠዋቱ በእጄ እየዳሰስኩ ነው፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ ደረቅ ነው።